በሁለት ማርሽ መሃል

እ.ኤ.አ. በ1963 በቤልጅየሙ የስፓ የፎርሙላ 1 ውድድር ላይ የሹፌሩ የጂም ክላርክ ሎተስ መኪና ማርሽ አልይዝ አለ። ትልቁ ማርሽ በገባ ቁጥር ተመልሶ ይወጣል። ክላርክ በአንድ እጁ የማርሹን ዘንግ እንዳይወጣ ጨምድዶ ያዘ፣ በሌላው እጁ መሪውን ያዘና ነዳው። ስፓ ያኔ እንደዛሬው 7 ኪሎ ሜትር አልነበረም። 14 ኪሎ ሜትር የሚሆን፣ በቤቶችና በዛፎች ጥግ የሚያልፍ ተራ የመኪና መንገድ ነበር። ከለላ የሚባል ነገር የለውም። በዚያ ላይ ዶፍ ወረደ። ክላርክ ስምንተኛ ሆኖ የተነሳበትን ውድድር አንደኛ ጨረሰ። ሁለተኛ የወጣው ብሩስ ማክላረን የደረሰው ወደ 5 ደቂቃ ገደማ ዘግይቶ ነው።

አምስት ደቂቃ! ዛሬ በፎርሙላ 1 አንድ ሰው በ20 ሰከንድ ከቀደመ ውድድሩ ሞተ እንላለን።

ስለ ድሮ የውድድር መኪኖች ሳወራ ብዙ ሰው ፍጥነታቸውን የማደንቅ ይመስለዋል። አይደለም። የዛሬዎቹ መኪኖች የዚያን ዘመኖቹን በቀጥታውም በኩርባውም ጥለዋቸው ይሄዳሉ፣ ክርክር የለውም። እኔን የሚይዘኝ ሌላ ነገር ነው። በአንዱ ማርሽና በሚቀጥለው መሃል ያለችው ቅጽበት። ፍሪሲዮን ተረግጧል፣ ሞተሩና ጎማው ተለያይተዋል። መልሶ የሚያገናኛቸው የሰውየው እጅ፣ እግርና ጆሮ ብቻ ነው። ከሆነለት ማንም ልብ አይለውም። ካልሆነለት ካምቢዮው ይጮኻል፣ የኋላ ጎማ ይከዳል፣ ሲብስም ሞተሩ እዚያው ያልቅለታል። ዛሬ ያቺ ቅጽበት የኮምፒውተር ሥራ ሆናለች። የምናፍቀው እሷን ነው።

ማኑዋል መኪና የነዳ ሰው ነገሩ ቀላል ሊመስለው ይችላል። ፍሪሲዮን መርገጥ፣ ማርሽ መቀየር፣ ፍሪሲዮን መልቀቅ፣ በቃ። ጉዱ የሚመጣው በሰዓት 250 ኪሎ ሜትር እየበረሩ ኩርባ አፍ ላይ ሲደርሱ ነው።

እስቲ ቀስ ብለን እንየው። ቀኝ እግር ፍሬኑን ባለ በሌለ ኃይሉ ይረግጣል። ግራ እግር ፍሪሲዮኑን ይረግጣል። አንድ እጅ ዘንጉን ከአምስተኛ ወደ አራተኛ ያመጣዋል። እዚህ ላይ ችግር አለ። መኪናው በዚያው ፍጥነት እየሄደ አራተኛ ላይ ሲሆን ሞተሩ አምስተኛ ላይ ከነበረው በላይ መዞር አለበት። ፍሪሲዮኑ እንዲሁ ቢለቀቅ የኋላ ጎማዎቹ ያንን ሞተር በግድ ለማዞር ይታገላሉ፣ ለቅጽበት ይያዛሉ፣ መኪናው በጀርባው ይዞራል። ስለዚህ ፍሪሲዮኑ ከመለቀቁ በፊት ለሞተሩ ነዳጅ ሰጥቶ ዙሩን ከፍ ማድረግ ያስፈልጋል። በየትኛው እግር? ግራው ፍሪሲዮን ላይ ነው፣ ቀኙ ፍሬን ላይ።

መልሱ ቀኝ እግርን ለሁለት ሥራ መክፈል ነው። የፊተኛው የእግር ክፍል ፍሬኑን እንደረገጠ፣ ተረከዙ ወይም የእግሩ ጎን ወደ ነዳጁ ፔዳል ዘንበል ይልና አንዴ መታ ያደርገዋል። ሞተሩ ‹‹ቩም›› ይላል። ማርሹ ይገባል፣ ፍሪሲዮኑ ይለቀቃል፣ መኪናው ንቅንቅ አይልም። ከባዱ ነገር ይሄ ሁሉ ሲሆን ፍሬኑ ላይ ያለው ጫና አለመዛነፉ ነው። እግሩ እየተጣመመ፣ አካሉ በፍሬኑ ኃይል ወደፊት እየተጎተተ፣ መሪውን በአንድ እጅ ይዞ፣ ያው የእግር ፊት ፍሬኑን በእኩል ኃይል ተጭኖ መቆየት አለበት። ከዚያ ወዲያው ከአራተኛ ወደ ሦስተኛ። ከዚያ ከሦስተኛ ወደ ሁለተኛ። ሁሉም ኩርባው ከመድረሱ በፊት ያልቃል። ሞናኮ ላይ እንዲህ እያሉ 78 ዙር ይሄዳሉ። ውድድሩ ሲያልቅ መዳፋቸው በማርሹ ዘንግ ውኃ ቋጥሮ፣ ተልጦ የሚወርዱ ሹፌሮች ነበሩ።

የውድድር ካምቢዮ ደግሞ እንደ ቤት መኪና አያባብልም። የቤት መኪና ውስጥ ሲንክሮናይዘር የሚባል ነገር አለ። ማርሹ ከመግባቱ በፊት የሚገናኙትን ክፍሎች ፍጥነት የሚያስተካክሉ ቀለበቶች ናቸው። የሹፌሩን ጉድለት ይሸፍናሉ። አብዛኛው የውድድር ካምቢዮ ግን እነሱን ትቷቸዋል። ትልልቅ ጥርሶች ናቸው ፊት ለፊት የሚጋጠሙት። ፍጥነታቸው ከተቀራረበ ግጥም ይላሉ። ካልተቀራረበ ይፋጫሉ። የሚገርመው እንዲህ ያለ ካምቢዮ ቀስ ብሎ የሚያስገባን እጅ አይወድም። ማመንታት ጥርሶቹን ይበላቸዋል። ቆረጥ ያለ፣ ፈጣን እጅ ነው የሚፈልገው። ግን ጉልበተኛ እጅም አይደለም። ጉልበት የሚያበዛ ሰው ከውድድሩ ግማሽ በኋላ ማርሽ አጥቶ ይቆማል።

ስህተቱ ደግሞ ይቅርታ የለውም። ከአምስተኛ ወደ አራተኛ ሊያስገባ የፈለገ እጅ ስቶ ሁለተኛ ውስጥ ቢገባ፣ ጎማዎቹ ሞተሩን ከአቅሙ በላይ ያሽከረክሩታል። ነዳጅ ቢቆረጥም ዋጋ የለውም፣ የሚያዞረው ነዳጁ ሳይሆን የመኪናው ፍጥነት ነውና። ቫልቮቹ ከፒስተኖቹ ጋር ይጋጫሉ፣ አለቀ። በፈረንሳዩ የ24 ሰዓት የ‹‹ለ ማን›› ውድድር ላይ ደክሞት፣ በጨለማ፣ በአንዲት ያልታሰበች የእጅ እንቅስቃሴ የቡድኑን የዓመት ልፋት አፈር ማስበላት ይቻል ነበር። እዚያ ይወዳደር የነበረው ፖርሽ 917 የማርሽ ዘንጉ አናት ላይ ያለችው መጨበጫ የተሠራችው ከባልሳ እንጨት ነው። ክብደት ለመቀነስ ተብሎ። ያን ሁሉ የፈረስ ጉልበት የሚያዝዘው መዳፍ ያረፈው በአንዲት ትንሽ ቀላል እንጨት ላይ ነበር። ይቺን ነገር ባሰብኩ ቁጥር ደስ ይለኛል።

ማርሽ መምረጥ ራሱ ደግሞ ፍርድ ነው። ይሄን እንደ አርጀንቲናዊው ሹፌር ሁዋን ማኑኤል ፋንጂዮ ያሳየ ሰው የለም። እ.ኤ.አ. 1957 (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመቶችም ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)፣ የጀርመኑ ኑርቡርግሪንግ። መንገዱ በአንድ ዙር ወደ 23 ኪሎ ሜትር ይጠጋል። ፋንጂዮ 46 ዓመቱ ነው። ማዜራቲ መኪናው ግማሽ ነዳጅ ብቻ ይዞ ነው የተነሳው። መሃል ላይ ቆሞ ነዳጅና ጎማ ሊቀይር አስቦ። ቆመ፣ ቅያሬው ግን ተንዛዛ። ሲወጣ ከፌራሪዎቹ ከማይክ ሆውቶርንና ከፒተር ኮሊንስ ወደ 50 ሰከንድ ገደማ ወደኋላ ቀርቷል።

ከዚያ ያደረገውን እሱ ራሱ በኋላ አስረድቷል። ሁልጊዜ በዝቅተኛ ማርሽ የሚገባባቸውን ፈጣን ኩርባዎች በአንድ ማርሽ ከፍ አድርጎ መግባት ጀመረ። ማርሹ ከፍ ሲል ሞተሩ ቀዝቀዝ ብሎ ይዞራል፣ መኪናውን ወደኋላ የሚይዘው ነገር ይቀንሳል። መኪናው ይንሸራተታል፣ ግን ፍጥነቱን ሳይጥል ይወጣል። ድፍረቱ ከባድ ነው፣ መኪናውን የሚያዝ ነገር ትንሽ ነው የሚቀረው። በሙከራው ዕለት አንደኛ ሆኖ እንዲነሳ ያስቻለው ሰዓት 9 ደቂቃ ከ25.6 ሰከንድ ነበር። በውድድሩ ላይ 9 ደቂቃ ከ17.4 ሰከንድ ገባ። ከ8 ሰከንድ በላይ ቀነሰ ማለት ነው። ውድድሩ ሊያልቅ አንድ ዙር ገደማ ሲቀረው ሁለቱንም አልፎ በ3.6 ሰከንድ አሸነፈ። ከዚያ በፊት እንደዚያ ነድቶ እንደማያውቅ፣ ዳግም እንደዚያ መንዳትም እንደማይፈልግ ተናግሯል። አምስተኛ የዓለም ዋንጫውን ያረጋገጠው ያን ቀን ነው።

ልብ በሉ፣ ማዜራቲው አልተቀየረም። ሞተሩም ያው ነው። የተቀየረው ሰውየው ለየትኛው ኩርባ የትኛው ማርሽ ይበቃል ብሎ የሰጠው ውሳኔ ነው።

ስለ ብራዚላዊው ሹፌር አይርተን ሴና ብዙ ተብሏል። ሰው ሁሉ ቶሎ የሚያነሳው የ1988ቱን የሞናኮ ሙከራ ነው። አንድ ዓይነት መኪና ይነዳ የነበረውን አላን ፕሮስትን በ1.4 ሰከንድ የቀደመበትን። እኔ ግን በ1991 በአገሩ በብራዚል፣ ኢንተርላጎስ ላይ ያደረገውን አስበልጣለሁ። የሚነዳው የማክላረን ቡድን መኪና ማኑዋል ነው። ከኋላው የሚመጡት ሁለቱ የዊሊያምስ ቡድን ሹፌሮች በመሪው ጀርባ ባሉ መቀየሪያዎች በጣት ነው ማርሽ የሚለውጡት። አሮጌና አዲስ ፊት ለፊት ተገናኙ።

መጀመሪያ የሴና አራተኛ ማርሽ ጠፋ። ከዚያ ሌሎቹም ተከተሉ። በመጨረሻዎቹ ዙሮች የቀረችለት ስድስተኛ ብቻ ነበረች። ስድስተኛ ለረጅሙ ቀጥታ መንገድ የተሠራች ማርሽ ናት። በጠባቡ ኩርባ ውስጥ በስድስተኛ ሲገቡ ሞተሩ መኪናውን አይዝላቸውም፣ ፍሬኑ ብቻውን ይቀራል። ሲወጡ ደግሞ ሞተሩ ዙሩ ወርዶ ሊጠፋ ይደርሳል። ያንን ሞተር ሳይጠፋ ለማውጣት ነዳጁን በሚሊ ሜትር እየለኩ መስጠት ያስፈልጋል። በዚያ ላይ ያካፋ ጀመር። የዊሊያምሱ ሪካርዶ ፓትሬሴ ከኋላ እየቀረበ ነው። ሴና በ3 ሰከንድ ገደማ ቀደመው። መስመሩን ሲያልፍ በሬዲዮ የተሰማው ጩኸት የደስታ ብቻ አልነበረም፣ የሕመምም ነበር። ጡንቻው ተኮማትሮ ከመኪናው በሰው እርዳታ ነው የወጣው። ዋንጫውን እንኳ ማንሳት ከብዶት ነበር።

በዚያው ቀን ሲያሳድደው የነበረውን ሌላውን የዊሊያምስ ሹፌር ናይጀል ማንሰልን ከውድድር ያስወጣው ምን መሰላችሁ? ካምቢዮው። አዲሱ፣ በጣት የሚሠራው። አንደኛው ሹፌር ከስድስተኛ በቀር ማርሾቹ ሁሉ ጠፍተውበት በእጁና በእግሩ ብልሃት ጨረሰ። ሌላው ማሽኑ እምቢ ሲለው ምንም የሚያደርገው አልነበረውም። አዲሱ ቴክኖሎጂ መጥፎ ነበር ለማለት አይደለም፣ በቀጣዩ ዓመት ዊሊያምስ ሁሉንም አስከትሎ ሄዷል። የሴና የ1991 ዋንጫ በማኑዋል ማርሽ የተገኘ የመጨረሻው የፎርሙላ 1 ሻምፒዮናነት ሆኖ ቀረ።

ለነገሩ ለውጡን ያመጣው ሰው ክፉ ሐሳብ አልነበረውም። ጆን ባርናርድ ይባላል፣ የፌራሪ መሐንዲስ ነበር። የማርሽ ዘንግ የሹፌሩን ክፍል ያሰፋበታል። ዘንጉ አለ፣ እጁ የሚንቀሳቀስበት ቦታ አለ፣ እስከ ካምቢዮው ድረስ የሚሄደው ብረት አለ። ይሄን ሁሉ አውጥቶ መኪናውን ማቅጠን ፈለገ። በ1989 ባለ 7 ማርሹ ፌራሪ 640 ብራዚል ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ተወዳድሮ በማንሰል እጅ አሸነፈ። ሹፌሩ ፍሪሲዮን የሚረግጠው ሲነሳ ብቻ ነው። እጁም ከመሪው አይነሳም።

በዚያው ዓመት ጣሊያን ውስጥ ኢሞላ ላይ ሌላው የፌራሪ ሹፌር ጌርሃርድ በርገር በሙሉ ፍጥነት ከግንቡ ተጋጨ፣ መኪናውም በእሳት ተያያዘ። የእሳት አደጋ ሰዎች በሰከንዶች ውስጥ ደርሰው አተረፉት። እጆቹ ግን ተቃጥለው ነበር። አንድ ውድድር ብቻ አምልጦት ተመለሰ። በዚያ እጅ ዘንግ እየጎተተ ሜክሲኮ ላይ መወዳደር የማይታሰብ ነበር፤ በጣት የሚቀየረው ማርሽ ነው ያስቻለው። ይሄን ሳስብ ናፍቆቴን ልክ አስይዘዋለሁ። ሁለት እጅ መሪ ላይ መሆኑ ይሻላል። በርገር ይመስክር።

ቢሆንም የጠፋውን ጠፋ ማለት ይቻላል።

ከሁሉ በላይ የሚቆጨኝ ለተመልካች የጠፋው ነገር ነው። ድሮ ሹፌሩን መስማት ይቻል ነበር። መኪናው ሳይታይ ገና ከኩርባው ወዲያ ሞተሩ ሲንቧቧ፣ ለአፍታ ዝም ሲል፣ ተመልሶ ሲያጓራ ይሰማል። ያ ዝምታ የሹፌሩ ነው። አንዱ ጋ አጭር፣ ሌላው ጋ ረዘም ያለ። እግሩ የፈጠነ፣ የደከመው፣ የተበሳጨ፣ ሁሉም በጆሮ ይለያል። የሴናን የ1990 ሞናኮ ዙር ከመኪናው ላይ የተቀረጸውን ካያችሁ ታውቁታላችሁ። በአንድ እጁ መሪውን እየታገለ ሌላው እጁ ሥራ አይፈታም። ምን እያደረገ እንደሆነ ለማወቅ ተንታኝ አያስፈልግም። የዛሬው ማርሽ በሚሊ ሰከንዶች ይገባል፣ የሁሉም ሹፌር አንድ ዓይነት ድምፅ ነው።

እግር ማየት ለሚፈልግ ራሊው፣ በተራና በጥርጊያ መንገድ የሚደረገው የመኪና ውድድር፣ አለ። ጀርመናዊው ቫልተር ሮርል በአውዲ ኳትሮ ኤስ1 መኪና ውስጥ ሲነዳ ካሜራ ፔዳሎቹ ላይ ተደርጎ የተቀረጸ ምስል አለ። እኔ በሕይወቴ ካየኋቸው የስፖርት ምስሎች ሁሉ አንደኛ አደርገዋለሁ። ግራ እግሩ ከፍሪሲዮን ወደ ፍሬን፣ ከፍሬን ወደ ፍሪሲዮን ይዘላል። ቀኙ ነዳጁን አይለቅም። ምክንያት አለው። አየር ወደ ሞተሩ እየገፋ ጉልበት የሚጨምረው የዚያን ጊዜ ቱርቦ፣ የነዳጁን ፔዳል ከለቀቁት ይተኛል፣ እንደገና እስኪነሳ ደግሞ ያስጠብቃል። ስለዚህ ሮርል ነዳጁን እንደያዘ በግራ እግሩ ፍሬን ይረግጣል፣ ቱርቦው እንዳይተኛ። መኪናው በፍሬንና በነዳጅ መሃል ተወጥሮ ኩርባ ውስጥ ይገባል። ከላይ ፊቱን ብታዩት የቢሮ ሥራ የሚሠራ ሰው ነው የሚመስለው። በቀዳሚው የኳትሮ ዓይነት ነው ፈረንሳያዊቷ ሚሼል ሙቶን በ1981 ሳንሬሞ ላይ አሸንፋ፣ በዓለም ራሊ ሻምፒዮና ውድድር ያሸነፈች የመጀመሪያዋ ሴት የሆነችው። በ1982 ደግሞ በሻምፒዮናው ከሮርል ቀጥላ ሁለተኛ ወጣች። ‹‹የወንድ ጉልበት ይፈልጋል›› ይባል የነበረውን ወሬ በእጇና በእግሯ ዘጋችው።

‹‹ታዲያ የዛሬዎቹ ሹፌሮች አይችሉም?›› የሚለኝ ይኖራል። ይችላሉ። ማንም ሞኝ ካልሆነ በቀር አይችሉም አይልም። የባትሪውን ኃይል የት እንደሚያወጡ፣ ጎማውን እንዴት እንደሚያቆዩ፣ የፍሬኑን ሚዛን ከኩርባ ኩርባ እንዴት እንደሚለውጡ በ300 ኪሎ ሜትር ፍጥነት እያሰቡ ነው የሚነዱት። ችሎታው አልሞተም፣ ተደበቀ እንጂ። ከእጅና ከእግር ወደ ቁልፎችና ወደ ቁጥሮች ገባ። እኔ እንደ ተመልካች የማየው ነገር አጣሁ። የውድድሩ ሕግ አውጪዎችም የሆነ ቦታ ላይ በቃ ማለታቸው አልቀረም። በ2001 ፎርሙላ 1 መኪናው ራሱ ማርሽ እንዲቀይር ፈቅዶ ነበር፣ በ2004 ከለከለው። ቢያንስ ጊዜውን ሹፌሩ ይምረጥ ነው ነገሩ።

በፎርሙላ 1 የመጨረሻው ማኑዋል መኪና በ1995 የተወዳደረው ፎርቲ ነው። ደካማ ቡድን ነበር፣ ከኋላ ነው የሚጨርሰው። የአሜሪካው የመኪና ውድድር ናስካር በዋናው ውድድሩ ባለ 4 ማርሽ ማኑዋሉን እስከ 2021 ይዞ ቆይቶ፣ በ2022 ዘንጉን ወደፊትና ወደኋላ ብቻ በመግፋት በሚቀየር ባለ 5 ማርሽ ተካው። የመንገድ መኪና ገዢዎች ግን ሌላ ነገር አሳዩን። ፖርሽ በ2013 ‹‹911 ጂቲ3›› የተባለውን መኪናውን ያለ ማኑዋል አቀረበ፣ የበለጠ ይፈጥናል ብሎ። ደንበኛው አኮረፈ። በ2016 በማኑዋል ብቻ የሚመጣ ‹‹911 አር›› ሠራ፣ በቁጥር 991 መኪና ብቻ። ተሻሙበት። በዓመቱ ጂቲ3ም ማኑዋሉን መልሶ አገኘ። ገንዘብ የሚከፍለው ሰው የዘገየውን መርጧል ማለት ነው።

እኔ የምመኘው ግን ከዚህ በታች ያለ ነገር ነው። ዛሬ አንድ ልጅ ካርት ከምትባለው የልጆች የውድድር መኪና ተነስቶ ወደ ጀማሪዎቹ ፎርሙላ 4 ይገባል፣ እዚያም ማርሹ በጣት ነው። አንዴም የማርሽ ዘንግ ሳይጨብጥ ፎርሙላ 1 ሊደርስ ይችላል። እንግሊዝ ውስጥ በ1967 የተጀመረው ፎርሙላ ፎርድ 1600 ግን እስካሁን አለ። ባለ 4 ማርሽ ማኑዋል ነው፣ ክንፍ የለውም፣ ጎማው ቀጭን ነው። ትንሽ ስህተት እዚያው ይታያል፣ ትልቅ ስህተት ካምቢዮ ያስከፍላል። ትልልቆቹ ቡድኖች ለወጣት ሹፌሮቻቸው የሲሙሌተር ሰዓት ከሚያበዙላቸው፣ አንድ የውድድር ዓመት እዚህ ቢያስነዷቸው ደስ ይለኛል። አዲስ ወጣት ሹፌር ብቅ ባለ ቁጥር መጀመሪያ የማየው እዚያ ነድቶ ያውቅ እንደሆነ ነው።